የሠላሳ አንድ ቀን ምራቂ

ኦዴት ከሉሲየን ጋር የተዋወቀችው በአንድ እፍኝ ሽሪምፕ ተጨቃጭቃ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። አባቷ ልኳት ወደ ጀልባ ማቆሚያው ወረደች። አጎት አልሲድ ጀልባው ላይ ተቀምጦ መረቡን ይጠግናል፤ የወንድሙ ልጅ ሉሲየን በረዶ ላይ የተኛውን ሽሪምፕ እየመዘነ ይሸጣል። ኦዴት ዋጋ ጠየቀች፤ ተወደደባት፤ ፊቷን አዙራ ሄደች። ከዚያ ምን እንደነካት እንጃ፣ ተመልሳ እጇን ዘረጋች።

«እሺ፣ ምራቂውን ብቻ ስጠኝ።»

በደቡብ ሉዊዚያና ያለ ምራቂ የሚሸጥ ሰው ደንበኛ አይበረክትለትም። ዳቦ ቤቱ በደርዘን ላይ አንድ ይጨምራል፤ መድኃኒት ቤቱ ሳይቀር ለልጆች ከረሜላ ጣል ያደርጋል። ሳይገዛ ምራቂ የጠየቀ ሰው ግን እስከዚያ ቀን አልታየም።

«ሳትገዢ ምራቂ?» አለ ሉሲየን፣ ሚዛኑን እንደያዘ። «አንቺ ልጅ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ትሰጣለህ አትሰጥም?»

«ምራቂ የሚሰጠው ለገዛ ነው።»

«ስጣት ባክህ!» አለ አጎት አልሲድ ከመረቡ ቀና ሳይል። «እንዲህ ያለች ዓይን አውጣ ባዶ እጇን ከሄደች ባሕሩ ይቀየመናል።»

ሉሲየን አልሰጠም። ኦዴትም እየሳቀች ሄደች፤ ግን እስከ ቤቷ ድረስ ስትስቅ ራሷን ታዘበች።

በሁለተኛው ሳምንት አውሎ ነፋሱ መጣ። ጣሪያውን ሁሉ ገንጥሎ፣ ጀልባዎቹን አስፋልት ላይ ጥሎ ሄደ። የግዛቱ ገዥ ተጠባባቂውን ጦር ጠሩ። ኦዴት በዚሁ ጦር የአካባቢው ክፍል በጸሐፊነት ከተመደበች ገና ሦስት ሳምንቷ ነበር። የደንብ ልብሷን ለብሳ፣ ውሃና የጣሪያ ሸራ የጫነው ካሚዮን ላይ ስትወጣ መሪውን የያዘው ያ ሽሪምፕ ሻጭ ሆኖ አገኘችው። እሱም ማዕረጓን አየ።

«ሃምሳ አለቃ ዓይን አውጣ!»

«አስር አለቃ ንፉግ» አለችውና በሩን ዘጋች።

ሠላሳ አንድ ቀን አብረው ነዱ። ሸራ አከፋፈሉ፣ ዛፍ ቆረጡ፣ ካሚዮኑ ጥላ ሥር ተቀምጠው ከአንድ የታሸገ ምግብ ጣሳ በሉ። ሉሲየን ወሬኛ አይደለም። ግን አንድ ቀን ድልድዩ ላይ መኪናውን አቆመና ከታች የተንጣለለውን ውሃ አሳያት።

«እዚያ ጋ የአያቴ ቤት ነበር። የብርቱካን ዛፍ ሁሉ ነበራት። አሁን እኔና አጎቴ መረብ እንጥልበታለን።»

«ውሃ በላው?»

«በየዓመቱ ይበላል። መሬቱ የት ድረስ እንደነበር የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች ናቸው፤ እነሱም እያለቁ ነው። ቅየሳ መማር እፈልጋለሁ፣ ኦዴት። የቀረውን እንኳ ለክቼ ላስቀምጥ። ጦሩ ውስጥ የገባሁትም ለዚህ ነው። ዘጠና ቀን በሙሉ አገልግሎት የሞላ ሰው ግማሹ የትምህርት ክፍያ ይሸፈንለታል አሉኝ። ስልሳ አንዱን ድንበር ላይ ጨርሻለሁ።»

«ታዲያ ምን ታስባለህ? ይሄም ይቆጠርልሃል» አለችው። «ቀን ቀን ነው።»

ሉሲየን ዞር ብሎ አያት። ብዙ ሰው እንደዚያ ቢታይ ዓይኑን ይሰብራል፤ እሷ አልሰበረችም። ሁለቱም ሌላ ነገር ለማለት ፈልገው ነበር፤ ሉሲየንም መኪናውን አስነሣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን የቀረው ሁሉ የታወቀ ነበር።

በቀጣዮቹ ወራት ሉሲየን ሰኞ ሰኞ ከኦዴት አባት ጋር ቀይ ቦሎቄ በሩዝ ይበላ ጀመር። ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜና እሁድ ክፍሉ ለልምምድ ሲሰበሰብ፣ ምንም ጉዳይ ሳይኖረው በጽሕፈት ቤቱ መስኮት ብቅ ይላል። በሰኔ ግን እውነተኛ ጉዳይ ይዞ መጣ፤ ዩኒቨርሲቲው ተቀብሎታል።

«ዘጠና ሁለት ቀን አለኝ። ማስረጃውን አውጭልኝ። ለአጎቴም ነግሬዋለሁ፤ በኔ ቦታ ሰው ቀጥሯል።»

«እሱስ ምን አለህ?»

«‹ባሕር ዲግሪ አይጠይቅም› አለ። ከዚያ ማልቀሱን እንዳላይ ጀርባውን ሰጠኝ።»

ኦዴት እየሳቀች መዝገቡን ከፈተች፤ ሳቋም እዚያው ቀረ። ድንበር ላይ የነበረው ትዕዛዝ የፌዴራል ነው። የአውሎ ነፋሱን ትዕዛዝ ግን ያወጡት የግዛቱ ገዥ ናቸው፤ ለትምህርት አይቆጠርም። ልብሱ ያው፣ ካሚዮኑ ያው፣ ላቡ ያው፤ ወረቀቱ ግን ሌላ። ይህን አሁን ማንኛውም ጸሐፊ ያውቀዋል። ያኔ ድልድዩ ላይ እሷ አታውቅም ነበር።

«ነገ ላድርሰው» አለችው።

ብቻዋን ስትሆን የአውሎ ነፋሱ ቀናት የሰፈሩበትን መስመር ለረጅም ጊዜ አየችው። ኮምፒውተሩ ላይ አንዲት ፊደል ብትለውጥ ሠላሳ አንዱ ቀን የፌዴራል ይሆናል። ማን ያያል? ጣቷ ፊደሉ ላይ ደርሶ ነበር። «ሳትገዢ ምራቂ?» ያለው ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣ። ቢታወቅ የሚዋረደው እሱ ነው፤ የአያቱን መሬት በውሸት ቀን እንዲለካ አልፈለገችም። ኮምፒውተሩን ዘግታ ወደ ጀልባ ማቆሚያው ሄደች።

ቀኖቹ እንደማይቆጠሩ ነገረችው፤ ሉሲየን ቆሞ ሰማት።

«ይቆጠራል ያልሽኝ አንቺ ነሽ» አለ ስትጨርስ።

«እኔ ነኝ። ሳላውቅ ነው። ግን እኔ ነኝ።»

«እሱንም ውሃ በላው በይኛ።»

«ሉሲየን...»

«ያ ሠላሳ አንድ ቀን...» ብሎ ጀመረና ተወው። «ሂጂ፣ ኦዴት። አሁን ብናገር የማይመለስ ቃል እናገራለሁ።»

ሦስት ሰኞ አለፈ። አባቷ ሦስት ሳህን እያቀረበ አንዱን መልሶ ያነሣል። በአራተኛው ሳምንት አጎት አልሲድ ራሱ በጽሕፈት ቤቱ መስኮት ብቅ አለ፤ ባርኔጣው በእጁ ነው።

«ልጄ፣ ያ ልጅ አይበላም፣ አይናገርም። ዓሣዎቹ እንኳ ከሱ ይሻላሉ። የቀጠርኩትን ሰው ላባርር?»

«አያባርሩት» አለች ኦዴት። «አንድ መንገድ አለ።»

መንገዱን ካወቀች ሳምንት ሆኗት ነበር። ወደ ኩዌት የሚሄድ የፌዴራል ስምሪት፣ አንድ የካሚዮን ሾፌር ይጎድለዋል። አሥር ወር ነው። ቢሄድ ዘጠናው ቀን ሞልቶ ይተርፈዋል፤ የሚሸፈንለት ክፍያም ከግማሽ ይበልጣል። ቢሄድ ግን ይሄዳል። ሳምንቱን ሙሉ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ የደበቀችው ለዚህ ነበር፤ ሌላ ክፍል ሾፌር ቢያገኝ ብላ እስከ መመኘት ደርሳለች። አሁን መሳቢያውን ከፍታ ለሽማግሌው ሰጠችው።

አጎት አልሲድ መነጽሩን አድርጎ አነበበና ቀና ብሎ አያት።

«አንቺስ?»

«እኔ እጽፈዋለሁ። ሥራዬ ነው።»

«እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» አለ ሽማግሌው በቀስታ፤ ወረቀቱንም በባርኔጣው ሸፍኖ ወጣ።

በማግስቱ ሉሲየን መጣ። ከስቷል።

«ይሄን መደበቅ ትችዪ ነበር» አለ።

«ሳምንት ደብቄዋለሁ።»

«ለምን?»

«ስለምወድህ። ለምን ይመስልሃል፣ አንተ ንፉግ?»

ሉሲየን ክንዱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ግንባሩን እጇ ላይ አኖረ። ከኋላው ሰልፍ ነበር፤ ማንም አልቸኮለም። ከዚያ ቀና ብሎ «ጻፊው» አላት። እሷም ጻፈችው። የስሙን ፊደላት ሁለት ጊዜ ተሳስታ ሁለት ጊዜ አረመች።

በስንብቱ ቀን ሉሲየን አጎቱን «መርቀኝ» አለው። አጎት አልሲድ በዓይኑ ውሃ እንዳይታይበት ቸኩሎ አንድ እፍኝ ሽሪምፕ ከበረዶው ዘግኖ የደንብ ልብሱ ኪስ ውስጥ ከተተለት። «ይኸው መረቅኩህ!» አለ። አውቶቡሱ ኩዌት አይድረስ እንጂ ሽታው የደረሰ ይመስላል።

አሥሩ ወር እንደ አሥር ወር አለፈ፤ አላጠረም። ሰኞ ሰኞ ሦስተኛው ሳህን ላይ አጎት አልሲድ እየመጣ ይበላበት ነበር።

በቀጣዩ ዓመት በሐምሌ፣ ከረፋዱ ላይ፣ ኦዴት ሰነድ ስትደረድር መስኮቱ ተንኳኳ። ሉሲየን ነው፤ ፀሐይ አጥቁሮታል። ከኋላው ከአውቶቡሱ የወረዱት ሁሉ ተሰልፈዋል። ልትጮህ ነበር፤ ሉሲየን ግን ፊቱን ኮስተር አድርጎ ቆመ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ስንት ቀን አለኝ?»

መዝገቡን ማየት አላስፈለጋትም። «ሦስት መቶ ስልሳ ሁለት።»

«የካሚዮኑስ?»

«እሱ መዝገብ ላይ የለም። ታውቃለህ።»

«ኩዌት ሳለሁ በየቀኑ የማስበው እሱን ነበር» አለ፤ ኮስታራው ፊት ጠፋ። «ያን ቀን ጀልባው ጋ ልልሽ ፈልጌ የተውኩት ይሄን ነው፤ ከነዚያ ቀናት አንዱንም በምንም አልለውጠውም። አሁን ምራቂ አድርገሽ ስጪኝ።»

ኦዴት እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«ሳትገዛ ምራቂ?»

«እገዛለሁ እንጂ። ውሉ ስንት ዓመት ነው? እንደ ጦሩ ስድስት?»

«ዕድሜ ልክ።»

«ዕድሜ ልክ ፈረድሽብኝ?»

«ይግባኝ የለውም።»

«አስር አለቃ፣ ፈርምና ልቀቀን!» አለ አንዱ ከሰልፉ። «ቤተሰብ አለን እኮ!»

ሉሲየን ብዕሯን ከጆሮዋ ላይ አነሣ። ጠረጴዛው ላይ ቅጽ ሞልቷል፤ ለዚህ ጉዳይ የሚሆን ግን አንድም የለም። እጇን በመስኮቱ ሳብ አድርጎ ገለበጠውና መዳፏ ላይ ሙሉ ስሙን ፈረመ፤ ቀኑንም ጻፈበት። ኦዴት የቀሩትን ወታደሮች ሁሉ ያስተናገደችው በአንድ እጇ ነው።