የኋላው በር ትንፋሽ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በዚህ እጄ ጠርጌዋለሁ።

አንዴ አይደለም... ደጋግሜ።

ደግሞ ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ ፀሐይ አናት የምትበሳበት፣ የጋራዣችን ቆርቆሮ በሙቀት ብዛት የሚንጣጣበት ሰዓት። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። መንገዱ ላይ ሰው ይመላለሳል። እንዲህ ያለ ነገር በጠራራ ፀሐይ ይመጣል ብሎ ማን ያስባል?

ሥራዬ መኪና ፖሊሽ ማድረግ ነው። የደበዘዘ ቀለም አስታምሜ፣ ጭረቱን አጥፍቼ፣ ሰም ቀብቼ እንደ አዲስ እንዲያብረቀርቅ አደርጋለሁ። ያስተማረኝ አጎቴ ነው። ሰፈሩ «መስታወት» ይለዋል። እሱ ጨርሶ ያስረከበው መኪና ላይ ዝንብ ብታርፍ አዳልጧት ትወድቃለች እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም እንዳልሰማ ሆኖ ይኮራል።

የዚያን ቀን አጎቴ ጥርሱን አሞት ቤት ቀርቷል። ብቻዬን ነበርኩ።

ሰውየው ጠዋት መጣ። ጥቁር የቤት መኪና ይዞ። ረጅም ነው፤ ትከሻው ወድቋል፤ ፂሙን ከተላጨ ሰንብቷል። ሰላምታው እንኳ ከጉሮሮው በግድ ነው የወጣው። መኪናውን ሊሸጠው መሆኑን፣ ገዢው በማግስቱ እንደሚመጣ ነገረኝ። ቁልፉን ዘረጋልኝ... ግን ቶሎ አልለቀቀውም።

«ምንም ምልክት እንዳይቀርበት» አለኝ።

ጭረቱን መስሎኝ ነበር።

በረንዳው ጥላ ላይ ተቀመጠና ጀርባውን ሰጠኝ። እኔም ማጠብ ጀመርኩ። ውስጡን ላጸዳ የኋላውን በር ስከፍት ግን ገረመኝ።

ወንበሮቹ ሁሉ ገና አዲስ ይመስላሉ። ከኋላ በስተግራ ያለው ብቻ ጎድጉዷል። ሰው ውሎ የሚያድርበት አልጋ ይመስላል። ትራስ አለ። ወለሉ ላይ የሴት ነጠላ ጫማ አለ።

ሰው ይኖርበታል እንዴ? አልኩ በሆዴ።

ትራሱንም ጫማውንም እንደነበሩ ተውኳቸውና ወደ ቀለሙ ዞርኩ።

ሰም ስትቀቡት መጀመሪያ ቀለሙን ያደበዝዘዋል። ሲደርቅ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ያኔ በለስላሳ ጨርቅ ስትጠርጉት ከሥሩ ብርሃን ብቅ ይላል። በዚያ ፀሐይ ደግሞ ለመድረቅ ጊዜ አይፈጅም። ኮፈኑ ደረቀ። ጣሪያው ደረቀ። በሮቹም ደረቁ።

በስተቀኝ ያለው የኋላ በር ግን... አንድ ቦታ ላይ አልደርቅ አለ።

መዳፍ የምታህል ቦታ ናት። ከእጀታው ዝቅ ብላ።

ውሃ ቀርቶበት ይሆናል ብዬ ተንበረከክሁና ጠረግኩት። ጥርት አለ። ፊቴን አየሁበት።

ከዚያ ደበዘዘ።

በብርድ ቀን መስታወት ላይ «ሃ» ብላችሁ ስትተነፍሱ እንዴት ይሆናል? ልክ እንደዚያ። ክብ ጭጋግ። ከዳር ወደ መሃል እየሳሳ ጠፋ።

ትንሽ ቆየ...

ተመልሶ መጣ።

በዚያ ሐሩር! ብረቱ እንቁላል ይጠብሳል እኮ።

እንደገና ጠረግኩት። እንደገና መጣ። ሲመጣ፣ ሲሄድ... ሲመጣ፣ ሲሄድ። ተኝቶ እንደሚተነፍስ ሕፃን የተረጋጋ ነበር።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ጭጋጉ ከውስጥ አይደለም። ብረቱ ላይ፣ ከውጪ ነው። እኔ በተንበረከክሁበት በኩል።

የሚተነፍሰው ነገር በእኔና በበሩ መካከል ነበር።

መዳፌን በሩ ፊት ዘረጋሁ። ብረቱ ላይ ጭጋጉ መምጣቱን አቆመ።

መዳፌ ረጠበ። ለብ አለ።

አልጮህኩም። ለምን እንዳልጮህኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ክፉ ነገር አልመሰለኝም መሰለኝ። እጄን ሰብስቤ ወደ ኋላ ስል ግን አንድ ሰው ከበላዬ ቆሞ ነበር።

ሴት ናት። የቤት ልብስ እንደለበሰች፣ በባዶ እግሯ፣ ከሩቅ ሮጣ እንደመጣች ታለከልካለች። ሰውየው ከበረንዳው ተነስቶ ሊከለክላት ቢሞክር በክንዷ ገፋ አድርጋው አልፋለች። እኔን አታይም። የምታየው ጨርቄን ነው።

«ጠረግሽው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«አዎ።»

«ተመለሰ?»

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ።

ዓይኗን ጨፈነች። እንባዋ ግን እንደጨፈነችው ወረደ።

አጠገቤ ቁጭ አለችና ቀስ ብላ ነገረችኝ። እሷና ሰውየው ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። የትም ሊሄዱ ሲሉ ቀድማቸው ትሮጥና መኪናው ጋ ትቆማለች። በሩ እስኪከፈትላት ቀለሙ ላይ ትተነፍስና በጣቷ ድመት ትስላለች። ድመቷ ሁልጊዜ አንድ ጆሮ ነው ያላት። አባቷ ደርሶ «ሌላው ጆሮዋስ?» ሲላት እየሳቀች ትጨምርለታለች። ያኔ በሩን ይከፍትላታል።

ክረምት ላይ ትኩሳት ያዛት። ሳትነሳ ቀረች።

እናትየዋ ከቀብሩ በኋላ ትንፋሹን አየችው። ከዚያ ወዲህ መኪናው ውስጥ መዋል ጀመረች። በሩን ከውስጥ ከፍታ «ነይ ግቢ» ትላታለች። አትገባም። ለባሏ ብትነግረው ማየት ቀርቶ መስማትም አልቻለም። ሰውየው ልጁን ቀብሮ ሚስቱም ከእጁ እያመለጠች መሰለው። ሊሸጠው የቆረጠው እሷን ለማዳን ነው።

ይህን ስትነግረኝ ባሏ ከኋላችን ቆሞ ነበር።

«እህቴ፣ እባክሽ አታባብያት» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ድካም ብቻ።

«ጎንበስ ብለው ይዩት» አልኩት።

አልፈለገም። ከዚያ የሚስቱን ባዶ እግር አየ። አቧራ ለብሷል፣ አንዱ ጣቷ ደምቷል። ተንበረከከ።

በሩ ጥርት ብሎ ያበራል። የሦስታችን ፊት ይታያል።

ጠበቅን...

ምንም የለም።

ጠበቅን...

ሰውየው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና ሊነሳ ጉልበቱን ያዘ። እናትየዋ ከንፈሯን ነከሰች።

ያኔ መጣ።

ክብ፣ ትንሽ ጭጋግ። መሃሉ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ታየ። ማንም ሳይነካው መስመሩ ዞረ፣ ገጠመ። ሁለት ነጥቦች። ጢም።

አንድ ጆሮ።

ሰውየው እንደ ድንጋይ ደረቀ። በመጨረሻ እንደምንም፣ በተሰበረ ድምፅ እንዲህ አለ።

«ሌላው... ሌላው ጆሮዋስ?»

ጭጋጉ ሊጠፋ ዳሩ መሳሳት ጀምሮ ነበር። ከላይ በኩል፣ በችኮላ፣ ሁለተኛው ጆሮ ተሳለ።

ሰውየው ግንባሩን በሩ ላይ ደፍቶ ያለቀሰውን ልቅሶ ልነግራችሁ አልችልም። ወንድ ልጅ እንደዚያ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም። ሚስቱ ጀርባውን እያሻሸች፣ አንተን እኮ ነው የምትጠብቀው፣ በሩን ሁሌ አንተ ነበርክ የምትከፍትላት ትለው ነበር።

ሲረጋጉ እናትየዋ ሥራዬን እንድጨርስ ለመነችኝ። ልጄ ሲያበራ ነው የምትወደው አለችኝ። የቀረውን በእጄ፣ ያለ ማሽን ጨረስኩት። በዚያች ቦታ ላይ ጨርቁን ሳሳልፍ እንቅልፍ የወሰደው ልጅ ፊት የምጠርግ ያህል ነበር።

ሲሄዱ እናትየዋ ከኋላ በስተግራ ገባች። አባትየው ዞሮ መጣና የቀኙን በር ከፈተ። ቆመ። አንዲት ትንሽ ልጅ እግሯን አንስታ፣ ወንበሩን ቧጥጣ እስክትወጣ የሚፈጀውን ያህል ጠበቀ። ከዚያ ጣት እንዳይቀረቀር ዝቅ ብሎ አየና በሩን በዝግታ ዘጋው።

ገዢው በማግስቱ ቢመጣ መኪናውን አላገኘውም።

ለአጎቴ ነገርኩት። የሰሙ ሽታ አናትሽ ላይ ወጥቶ ነው ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ጥቁር መኪና ሲመጣ በስተቀኝ ያለውን የኋላ በር ለእኔ ይተውልኛል። ምክንያቱን አልጠየቅኩትም።

ዓመታት አለፉ። አጎቴ አረፈ፤ ጋራዡ ለእኔ ቀረ።

ባለፈው ሰሞን፣ ረፋዱ ላይ፣ ያ ጥቁር መኪና ደጃፌ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ለገንዳው ውሃ ልቀዳ ጓሮ ሄጄ ስመለስ ነው። ሲመጣ አላየሁም።

ሰውየው አጠገቡ ቆሟል። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። በድምፄ አወቀኝ። በድምፄ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም... ዓይኖቹ ላይ ነጭ ሞራ ወርዶባቸዋል። እጄን ሊጨብጥ አየር ላይ ሲፈልገው ያዝኩለት።

ሚስቱ ካረፈች ዓመት እንዳለፋት ነገረኝ። አፈር ይቅለላት አልኩት። ሰም ብቻ እንድቀባለት ፈለገ።

«ማን አመጣዎት?» አልኩት።

«ልጄ ናት» አለኝ።

እንዲሁ ነው ያለው። እንደ ማንኛውም አባት።

ሌላ ልጅ ወልደው ይሆናል ብዬ ተጽናናሁ። ያም ሆኖ ሳጥበው እግሬ ወደ ቀኙ የኋላ በር ወሰደኝ። ተንበረከክሁ። ጠበቅኩ። ብረቱ ጥርት እንዳለ ቀረ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የገዛ ዘመዴ የሞተብኝ ያህል ሆዴ ባባ።

ሰሙን ቀባሁ፣ ጠረግኩ፣ ዞሬ ዞሬ የሹፌሩ በር ላይ ደረስኩ። መጨረሻ የቀረኝ እሱ ነበር። ቀና ብዬ መስታወቱን ስወለውል...

ደበዘዘ።

ከእኔ ከንፈር ትይዩ። ሰፊ፣ ዝግ ያለ የትልቅ ሰው ትንፋሽ። ያቺ ትንሽ ልጅ ቁመቴን አክላለች።

ጨርቁን ይዤ ወደ ጎን ፈቀቅ አልኩ። መንገድ ለቀቅኩላት።

በሩ ሲከፈት አላየሁም። ሲዘጋ ግን ሰማሁ።

ሰውየው መኪናውን በእጁ እየዳሰሰ በኮፈኑ በኩል ዞረ፣ የወዲያኛውን በር ከፍቶ ከሹፌሩ ወንበር አጠገብ ተቀመጠ። ቀበቶውን አሰረ። ሞተሩ ተነሳ።

መኪናው ቀስ ብሎ ከደጃፌ ወጣ። የግራ ፍሬቻ አበራ። መንገዱ ላይ ሰዎች ሲሻገሩ ቆሞ አሳለፋቸው። አንዲት አሮጊት ከመሃል ቆም ብለው ወደ ሹፌሩ ወንበር አዩና፣ እጃቸውን ከፍ አድርገው አመሰገኑ።