በበርሜል የተፈተነው ሞተር

ዘውዴ ከጀጎል ግንብ፣ ከኤረር በር ውጭ ባለች ጋራዡ ያልጠገነው ሞተር አልነበረም፤ የጭነት መኪናው፣ ወፍጮው፣ ጄኔሬተሩ ሁሉ በእጁ አልፏል። እጁ የተባረከ ነበር፤ ልማዱ ግን ክፉ ነበር። ሞተሩ አንዴ ድምፅ ካሰማ፣ "ይሄዳል!" ብሎ እጁን ይታጠባል። መኪናው መንገድ ላይ የቆመበት ደንበኛ ተመልሶ ሲያማርር፣ "ታዲያ የሚገፋ ሰው ጠፋ?" ይለዋል።

በ1968 ዓ.ም. በአክብሮት "አው" የሚባሉት የጀጎሉ ሽማግሌ ነጋዴ ዓብዱላሂ የጀልባቸውን ሞተር ከጂቡቲ አስጭነው አመጡለት። ልጃቸውን መርየምንና ሁለት ልጆቿን ይዘው ከጂቡቲ ወደ የመን፣ ወደ ኤደን ወደብ ሊሻገሩ ነው። ባሏ የሚሠራው እዚያ ነው። ጉዞው አንድ ቀንና አንድ ሌሊት በባሕር ላይ ነው።

ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የውሃ ፓምፕ ጎማው ተበልቶ ነበር። ዘውዴ መለዋወጫ ከመጠበቅ ብሎ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቀርጾ ገጠመለት። ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ ነክሮ ሲያስነሣው ጮኸ።

"ይሄዳል፣ አው ዓብዱላሂ! ነገ ጠዋት ይውሰዱት።"

"ለመሆኑ አንተ ባሕር አይተህ ታውቃለህ?"

"የሐረማያን ሐይቅ አይቻለሁ።"

ሽማግሌው ሳቁ። "እሱንማ ፍየሎቻችንም አይተውታል!"

ታናሹን ልጅ ያዘለችው መርየም ግን አልሳቀችም። "ጋሽ ዘውዴ፣ ስንት ሰዓት አስኬድከው?"

"ምን ሰዓት አለው? አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ቢቆምም እንኳ..."

"ባሕር ላይ ማን ይገፋልናል?" አለችው በዝግታ። "ወላሂ፣ መዋኘት የሚችል የለንም።"

እነሱ ከሄዱ በኋላ ዘውዴ መፍቻዎቹን መሰብሰብ ጀመረ። አላስችል ስላለው ሞተሩን መልሶ አስነሣው። ከተነሣ ሁለት ሰዓት ሊሞላው ሲል ከሞተሩ የሚወረወረው ውሃ ቀጠነ፤ ቆመም። ጢስ ወጣ። ፈትቶ ቢያየው የቀረጸው ጎማ ተበጣጥሷል። በሁለት ሰዓት ጀልባዋ የት ትደርስ እንደነበር አሰበ።

ሌላ ጎማ ቀርጾ ቢያስረክብ ማንም አያውቅበትም ነበር። እሱ ግን ቱታውን እንኳ ሳያወልቅ ወደ ጀጎል ገሰገሰ።

"አው ዓብዱላሂ፣ ሞተሩ አይሄድም፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ቆመ። በደንብ ሳልፈትነው ነው ይሄዳል ያልኩዎት። ይቅር ይበሉኝ።"

"የጂቡቲው ባቡር ሊያመልጠን እኮ ነው! አንተ ሰውዬ ትቀልዳለህ?"

"አባ፣ አልሐምዱሊላህ በሉ እንጂ" አለች መርየም። "የቆመው በርሜል ውስጥ ነው።"

ሽማግሌው ዘውዴን እጁን ይዘው ወደ ቤት አስገቡት።

ከጂቡቲ የታዘዘው መለዋወጫ በአሥራ አንደኛው ቀን ደረሰ። ዘውዴ ውሃ በአህያ እያስመጣ፣ የበርሜሉ ሲሞቅ እየቀየረ፣ ሞተሩን ከጠዋት እስከ ማታ አስኬደው። ጎረቤቶቹ "ካፒቴን፣ መቼ ነው የምንሳፈረው?" እያሉ ቢያሾፉበትም ከአጠገቡ አልተነሣም።

ከወር በኋላ የመርየም ደብዳቤ ከኤደን መጣ። ማዕበሉ ሌሊቱን ሙሉ ሲያንገላታቸው፣ ሞተሩ አንዴም እንዳልተንተፋተፈ ጽፋለች። ልጆቹ ከአባታቸው አንገት አልላቀቅ ብለዋል።

ወገኖች፣ የሠራነው ነገር ከእጃችን ከወጣ በኋላ እኛ ወደማናየው ቦታ ይሄዳል፤ ሰውም ነፍሱን ይጥልበታል። ሐኪሙም፣ ግንበኛውም፣ መምህሩም "ይበቃል" ከማለቱ በፊት ያንን ሰው ያስበው።

ዘውዴ ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። የጠገነለትን የጭነት መኪና ሊወስድ ወደሚጠብቀው ሹፌር ዞሮ፣ "ቁልፉን ስጠኝ" አለው። "ፍሬኑን ቁልቁለቱ ላይ መጀመሪያ እኔ ልሞክረው።"