ቀዩ ቅጠልና የአያቷ ዓይን

ቶሎ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። የወጣላት ስም ሌላ ነው፤ ግን በቤትም ሆነ በሰፈር በዚያ ስም የሚጠራት የለም። በሁሉም ነገር ስለምትቸኩል ነው ቶሎ የተባለችው። ጫማዋን ሳታስር ትሮጣለች። ጸሎቱ ሳያልቅ «አሜን» ትላለች። ምነው ሳቃችሁ? እዚህ ክፍል ውስጥም እንደሷ የሚያደርጉ አውቃለሁ፤ ስማቸውን ግን አልጠራም።

የምትኖረው ከእናቷና ከአያቷ ጋር፣ ደረጃው ሲረግጡት በሚያቃስት አሮጌ ፎቅ ላይ ነው። እናቷ ዳቦ ቤት ትሠራለች። ሰው ሳይነሳ ትወጣለች፣ ሲመሽ ትመለሳለች። አያቷ የእናቷ አባት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ ኖረዋል። ክሩ በመርፌው ቀዳዳ አልገባ ሲላቸው ጊዜ ሱቃቸውን ዘጉ። ዓይናቸው እየደከመ ነበር። ሐኪሙም «አባት፣ ቀስ እያለ መሄዱ አይቀርም። እስካለ ድረስ ግን ይዩበት» አላቸው።

ከሱቁ ወደ ቤት ያመጡት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ መቀሳቸውንና በሸክላ የተተከለ አንድ ተክል። ይህ ተክል ጌጡ ቅጠሉ ነው። የቅጠሉ ጠርዝ አረንጓዴ፣ ጅማቱ ቢጫ፣ መሀሉ ደግሞ ቀይ ነው፤ ያውም ከሩቅ የሚጣራ ቀይ! ለአያቷ ዓይን ቤቱ ሁሉ ጉም ሆኗል። በዚያ ጉም ውስጥ ጎልቶ የሚታያቸው ይኸው ቀይ ብቻ ነበር። ጠዋት ጠዋት ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ መስኮቱ ይሄዳሉ። ጎንበስ ብለው ፊታቸውን ወደ ቅጠሉ ያስጠጋሉ።

«ቀዩ አለ» ይላሉ። «ተመስገን! ዓይኔ ዛሬም አለች።»

ቁርስ የሚቀምሱት ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ቀን ቶሎ ሸክላውን አንስታ ከሥሩ አየችው።

«አባባ! ሥሩ በቀዳዳው ወጥቷል!»

«ቤቱ ጠቦታል ማለት ነዋ» አሉ አያቷ። «እናትሽ ዕረፍት የምትሆን ቀን ሦስታችን ሆነን እናዛውረዋለን። ብቻሽን ግን እንዳትነኪው። ሥር ሲነቃነቅ ይደነግጣል።»

«እኔ እኮ እችላለሁ!»

«መቻሉንስ ትችያለሽ። የማትችይው መጠበቁን ነው» ብለው ሳቁባት።

ቶሎ ከፋት። መሳቃቸው አናደዳት። «ቆይ፣ አሳያቸዋለሁ!» አለች በልቧ። ልጆች፣ «ቆይ፣ አሳያቸዋለሁ» የሚለው ነገር ወደ ልባችሁ ሲመጣ ቁጭ በሉ። እኔ እንደማውቀው፣ ብዙ ጊዜ ደግ ነገር ይዞ አይመጣም።

ከሰዓት በኋላ አያቷ ጋደም አሉ። ቶሎ ወደ ምድር ቤት ወረደችና ከቀለም ቀቢው ጎረቤት ባዶ የቀለም ባልዲ ለመነች። ባልዲው ከሸክላው ሦስት እጥፍ ይበልጣል፤ ከሥሩ ግን ቀዳዳ የለውም። እሷ ስለ ቀዳዳው መች አሰበች! «ሰፊ ቤት ካገኘማ ምን ይፈልጋል?» አለች። ከጓሮ አፈር ዝቃ ሞላችው። ከዚያ የተክሉን ግንድ በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ላይ ሳበችው። አልወጣ አለ። እግሯን ሸክላው ላይ አስደግፋ ጎተተች።

ጠስ! ጠስ! አለ። የሥሩ ድምፅ ነበር።

ቶሎ ድምፁን ሰምታለች፤ ግን ከጀመረች ወዲያ ማን ያቁማት? ሥሩን የተጨማለቀ እግር ይመስል በቧንቧ ውሃ አጠበችው። ባልዲው ውስጥ ቀበረችው። ውሃ እስኪተኛበት ድረስ አጠጣችው። መስኮቱ ላይ፣ የጠራራ ፀሐይ ፊት አቆመችው። እናቷ ዕረፍት በወጣች ቀን «እዩልኝ!» ብላ ልታስደንቃቸው ስላሰበች፣ እስከዚያ እናቷ እንዳታየው ማታ ማታ መጋረጃውን ትስብበት ጀመር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ቶሎ ገና መፍሰሱንም አላወቀችም።

በማግስቱ ቅጠሎቹ ተልፈሰፈሱ። ቀጥሎ መርገፍ ጀመሩ። ቶሎ የረገፈውን ሁሉ እየለቀመች በጫማ ካርቶን ውስጥ አልጋዋ ሥር ደበቀች። «ልናገር?» ትላለች። ደግሞ «ነገ ያገግም ይሆናል» ትላለች። በመጨረሻ ባልዲው ላይ የቀረው ባዶ እንጨት ነበር።

አያቷ እንደ ልማዳቸው መጡ። ጎንበስ አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ገለጡ። ደግመው ጎንበስ አሉ።

«ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ቀዩ አለ?»

የለም ማለት ስንት ቃል ነው? አንድ ቃል ነው። እሷ ግን ሌላውን ቃል አወጣች።

«አለ፣ አባባ።»

እጃቸውን ሊዳስሱት ዘረጉ። ቶሎ እጃቸውን ቀልባ ያዘች። «አሁን ውሃ አጠጥቼው ነው፣ እጅዎ ይጨቀያል!» አለች። አያችሁ? አንዱ ውሸት ብቻውን መቆም ስለማይችል ሌላ ደጋፊ ይጠራል።

አያቷ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«እንግዲህ ደረሰ» አሉ። «የሱ ፈቃድ ይሁን።»

የዚያን ቀን ቁርስ አልቀመሱም። ከዚያ በኋላም ወደ መስኮቱ መሄድ ተዉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይቀመጣሉ። ቶሎ «አባባ ቀዝቅዟቸው ነው» እያለች ራሷን ታታልላለች። በጸሎት ሰዓት ግን አፏ ተሳሰረ። «አሜን» ለማለት የምትቸኩለው ልጅ ጭራሽ «አሜን» ማለት አቃታት።

እናቷ ዕረፍት የሆነችበት ቀን መጣ። አያቷ እናትየዋን ጠሯት። መቀሱን በጨርቅ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አድርገዋል።

«ይህን ከድሮ ሱቄ አጠገብ ላለው ወጣት ልብስ ሰፊ ስጪልኝ» አሉ። «ሠርቶ ይብላበት።»

«ምነው አባባ? ምን ሆኑ?» አለች እናቷ።

«ቀዩ ጠፋኝ፣ ልጄ። ልጅቷ አለ ትለኛለች፣ እኔ ግን አይታየኝም። ዓይኔ ሄዳለች። ሸክም እንዳልሆንብሽ ብቻ ነው የምፈራው።»

እናቷ እጃቸውን ይዛ አለቀሰች። ቶሎ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰማች። ያኔ ገባት። የደበቀችው ቅጠል መስሏት ነበር፤ የደበቀችው ግን የአያቷን ዓይን ነው። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ይሆናል። ብትናገር ሁለቱም ምን ይሏታል? ከዚያ ሮጣ ካርቶኑን ከአልጋዋ ሥር አወጣች። በሕይወቷ መቸኮሏ ለበጎ የሆነው የዚያን ቀን ነው።

«አባባ፣ ዋሽቼዎት ነው!» አለች እያለቀሰች። «ቀዩ የለም! ብቻዬን ነቅዬ አዛወርኩትና ቅጠሉ ረገፈ። ዓይንዎ አልሄደም! ይኸው!»

አንዱን ቅጠል በመዳፋቸው አኖረች። አያቷ ወደ መስኮቱ ብርሃን፣ ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ቀይ» አሉ። «ቀይ ነው! ኧረ ተመስገን!»

እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። ከዚያ ፊታቸው ከበደ።

«ለምን፣ ቶሎ?»

«እንዳይቆጡኝ ፈርቼ።»

«ብቆጣሽ ኖሮ እስከ ምሳ ነበር። ተክል ቢደርቅ ተክል ነው። አንቺ ግን ብርሃን እያለኝ ጨለማ ውስጥ አስቀመጥሽኝ። የቀረችኝ ያቺው ጥቂት ብርሃን ነበረች፤ እሷንም ግድግዳ እያየሁ ፈጀኋት።»

ቶሎ እግራቸው ሥር ወደቀች። «ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ» አለች።

አያቷ ቅጠሉን በጣቶቻቸው ዳሰሱት። ከዚያ እጃቸውን ራሷ ላይ አደረጉ።

«ይቅር ብዬሻለሁ። እሱም ይቅር ይበልሽ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ያንቺው እንኳ ሳይመሽ ደረሰ። ከዛሬ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የምትነግሪኝ አንቺ ነሽ። ያለውን አለ፣ የሌለውን የለም። ተስማማን?»

«እሺ፣ አባባ።»

«በይ መቀሱን አቀብዪኝ። ገና ሥራ አለው።»

ሦስቱም ባልዲውን ከበው ቁጭ አሉ። አያቷ የቶሎን እጅ በእጃቸው ይዘው አሳዩዋት። «አትጎትችም፤ ግንዱን በጣቶችሽ መሀል አድርገሽ ባልዲውን ታዘነብዪዋለሽ፣ አፈሩ ራሱ ይለቃል። የተኛ ሕፃን እንደማንሳት ነው» አሉ። የበሰበሰውን ሥር በመቀሱ ቆረጡ፣ ጤነኛውን ተዉ። ወደ ድሮው ሸክላ መለሱት። «ሥሩ የቀረው ትንሽ ነው፣ ቤቱም ትንሽ ይሁን» አሉ አያቷ። አዲስ ደረቅ አፈር አለበሱት፣ ጥቂት ውሃ ሰጡት፣ ፀሐይ በቀጥታ ከማይመታው ጥግ አስቀመጡት።

«አሁንስ ምን እናድርግ?» አለች ቶሎ።

«አሁንማ ያው የማትችይው ነገር ነው» አሉ አያቷ።

ቶሎ መጠበቅ ተማረች። በየጠዋቱ አያቷ ይጠይቋታል። «ቀዩ አለ?»

«የለም፣ አባባ።»

ይህን ማለት ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንዳንድ ቀን ደስ ልታሰኛቸው ስትል ምላሷ ጫፍ ላይ «አለ» ይመጣባታል። ትውጠዋለች። «የለም» ትላለች። አያቷም «እሺ፣ ነገ ደግሞ እናያለን» ብለው ቁርሳቸውን ይቀምሳሉ።

ወራት አለፉ። የአያቷም ዓይን ሐኪሙ እንዳለው ቀስ እያለ ሄደ። አሁን ጉሙም ጨልሟል፤ መስኮቱ የት እንዳለ የሚያውቁት ፊታቸውን በሚያሞቀው ፀሐይ ነው። እውነት ስለተናገረች ዓይናቸው ተመለሰ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ግን አልተመለሰም።

አንድ ጠዋት ቶሎ ከእንቅልፏ ተነስታ ተክሉን አየችው። ከባዶው እንጨት ጫፍ ላይ ጥፍር የምታህል ቅጠል ተዘርግታለች። ጠርዟ አረንጓዴ፣ መሀሏ ቀይ።

አያቷ ግድግዳውን እየዳበሱ መጡ። «ቀዩ አለ?» አሉ።

«አለ፣ አባባ» አለች። «አለ! ትንሽ ናት፣ ግን ቀይ ናት። ይዳስሷት!»

እጃቸውን ይዛ ልትመራቸው ሞከረች። አያቷ ግን እጃቸውን አልዘረጉም። ፊታቸውን ወደ ፀሐዩ አዙረው ፈገግ አሉ።

«መዳሰስ አያስፈልገኝም» አሉ። «አለ ካልሽ አለ። አየኋት፣ ልጄ። ተመስገን።»

ከዚያም ቁርሳቸውን ሊቀምሱ ተቀመጡ።

ልጆቼ፣ እውነቱ ቢያስፈራችሁም ለሚያምናችሁ ሰው ያለውን አለ፣ የሌለውን የለም በሉት።