በቅሎዋ ቀድማናለች

«በቅሎዋ ተጭናለች?» አሉ አባባ ጓዴ፣ ዱላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው።

በቅሎዋ ከሞተች ዓመታት አልፈዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከቢቸና ሞጣ ሲነግዱ የኖሩት ሽማግሌ ግን ማለዳ ማለዳ ይነሱና «ገበያው ሊያልፈን ነው» ይላሉ። ያኔ የልጃቸው ሚስት አየሁሽ ነጠላዋን አጣፍታ እስከ ከተማው ዳር ባሕር ዛፍ አብራቸው ትሄዳለች፤ «ደረስን፣ ሸጥን» ብላም ትመልሳቸዋለች።

አንድ ቀን ልጇ አካለ ወልድ «አባባ፣ በቅሎዋ እኮ ሞታለች» አላቸው። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ እውነቱን ማወቅ የሚጠቅማቸው መስሎት ነበር። አያቱ መርዶ እንደ ሰማ ሰው አለቀሱ። እናቱ ስታባብላቸው ውላ፣ ማታ እህል ሳትቀምስ ተኛች።

ጎረቤታቸው እማማ ባንቺዓለም «ምራት ማለት እንዲህ ናት!» ይላሉ። አባቱም ይስቃል፤ «ይሄ የሴት ነው፣ እኔማ ምን አውቅበታለሁ?» የገዛ አባቱ ናቸው እኮ! እናቱ ግን ሹሩባ ከተሠራች ቆይታለች። ስሟ ተደጋግሞ ካልተጠራ አትሰማም።

ዛሬ ማርያም ናት፤ ማኅበሩ እማማ ባንቺዓለም ቤት ነው። አካለ ወልድ ደግሞ በረኛ ሆኖ ሞጣ ሊጫወት ነው። መኪናው ገበያው አጠገብ ጡሩምባ ይነፋል።

«እማዬ፣ ማኅበር አትሄጂም?»

«እሳቸውን ለማን ትቼ? አንተ ሂድ፣ የኔ ጌታ፣ ኳሱ እንዳያመልጥህ።»

«ባለፈውም ቀርተሻል።»

«ሄጄስ ምን ላደርግ? የማወራውም ጠፍቶብኛል።»

አካለ ወልድ ማሊያውን ከብብቱ አወጣና ምሰሶው ላይ ሰቀለው።

«በቅሎዋስ?» አሉ አያቱ።

«ቀድማናለች፣ አባባ። ቶሎ እንሂድ።» ወደ እናቱ ዞረ። «ፀጉርሽንም እዚያው ይሥሩልሽ።»

አየሁሽ ነጠላዋን አነሳችና ወደ ማኅበሩ ወጣች።

አካለ ወልድና አያቱ መንገድ ላይ ሳሉ መኪናው አቧራ እያስነሳ ደረሰባቸው። ጓደኛው የሻው ከላይ ሆኖ ጮኸ። «አካሌ! ና ውጣ እንጂ!»

«ዛሬ በሩ ላይ አንተ ቁም!»

«ምራት ሆንክ እንዴ?»

የመኪናው ሰው ሁሉ ሳቀ። የአካለ ወልድ ጆሮ ጋለ። አያቱ ክንዱን ያዝ አደረጉት። «የሞጣ መንገድ ነጋዴ ባለጌ ነው። አትመልስላቸው።»

ባሕር ዛፉ ጋ ሲደርሱ «ደረስን?» አሉ።

አካለ ወልድ ወደ ከተማው ዞሮ አየ። ማኅበሩ ገና አልተጀመረም ይሆናል።

«ገና ነን፣ አባባ» አለና ባሕር ዛፉን አልፈው ሄዱ።