የሷሊህ ክፍል ማቀዝቀዣ

ተረት የፈለገ ሌላ ቦታ ይሂድ። ይሄ የሆነ ነገር ነው... በዓይኑ ካየው፣ ዘሩ ከሚባል ሰው ከራሱ አፍ ነው የሰማሁት።

1979 ዓ.ም.፣ የካቲት ማለቂያ፣ መተማ ዮሐንስ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ውሻ እንኳ ከጥላው የማይወጣበት ሰዓት ነው።

የወፍጮ ቤቷ ባለቤት ሐቢባ ግን ደፋ ቀና ትላለች። ሙቀቱ ሳይብስ የልጇ የሷሊህ ክፍል መቀዝቀዝ አለበት።

ማቀዝቀዣው ከሱዳን የመጣ፣ መስኮት ላይ የተገጠመ የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ውስጡ ሳር ይጠቀጠቃል፤ ሳሩ ውሃ ይጠጣል፤ ማራገቢያው በወፍጮው ሞተር ይዞራል። በየዓመቱ ሙቀት ሳይገባ ሳሩ ይቀየራል።

ሷሊህ ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ ወደ ሰሜን ተራሮች ከተላከ ሦስት ዓመት ሆኖታል። አብሮት የዘመተ ሰው እዚያው በውርጭ መሞቱን አርድቷል። ጎረቤቱ ሁሉ «ሬሳው ባይኖርም የሙት ስግደት ይሰገድበት» ቢላት፣ እሷ ወይ ፍንክች!

«አታሟርቱብኝ! ልጄ ሙቀት አይችልም። ሲመጣ ክፍሉ ቀዝቅዞ ይጠብቀዋል።»

ወይ የእናት አንጀት!

ዘሩ የወፍጮው ሠራተኛ ነው። ከጎጃም ደጋ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ እዚያው የቀረ። የማቀዝቀዣውን ክዳን ፈታና እጁን ወደ ሳሩ ሰደደ...

ወዲያው መለሰው።

«እትዬ... ውሃ አፍስሰውበታል እንዴ?»

«ካምና ወዲህ ጠብታ አልነካውም። ምነው?»

«በረዶ ይዟል።»

«በመተማ? ፀሐዩ ናላህን አዞረው?»

እሷም እጇን ሰደደች። ጣቶቿ ደነዘዙ።

ያኔ ማራገቢያው መዞር ጀመረ... ቀስ ብሎ...

ሞተሩ ግን አልተነሳም። ሽቦውም ገና አልተገጠመም፤ ጫፉ ዘሩ እጅ ላይ ነው።

ዘሩ ፊቱን ብርድ መታው።

«ይሄ የቆላ ነፋስ አይደለም» አለ በሹክሹክታ። «የደጋ ውርጭ ነው። አውቀዋለሁ፤ ያደግሁበት ነው።»

ከዚያ ከክፍሉ ውስጥ ድምፅ መጣ። የተናጋሪው ጥርስ ይንቀጫቀጫል።

«እማ...»

ሐቢባ መስኮቱ ላይ ተለጠፈች።

«ሷሊህ? የኔ ጌታ...»

«አጥፊው፣ እማ... በረደኝ... በየዓመቱ ብርዱን ትለቂብኛለሽ...»

እዬዬዋን አቀለጠችው። ልጄን አሳርፋለሁ ብላ፣ በየዓመቱ ስታሰቃየው ኖራለች! እንዲህ ያለ ሐዘን ለጠላትም አይስጥ።

ሮጣ ገባች። ብርድ ልብስ፣ ጋቢ፣ ምንጣፍ ሳይቀር ባዶው አልጋ ላይ ደራርባ፣ እላዩ ላይ ተደፋችበት።

«ሂድ ዘሩ! ሼኩን ጥራልኝ! ይስገዱበት... ልጄ ይረፍልኝ...»

ዘሩ ሊወጣ ሲል ከበሩ ዞር ብሎ አየ።

የሐቢባ ጀርባ በላብ ርሷል። ከሥሯ ያለው ብርድ ልብስ ግን ይንቀጠቀጣል...

ከብርድ ልብሱ ሥር ጥፍሩ የጠቆረ እጅ ወጣ።

የእናቱን ሻሽ ጫፍ ይዞ... ቀስ አድርጎ... ወደ ውስጥ ሳበው።