በጠሃ እጅ የተሰፋው ጆንያ

«ፍጠን እንጂ! ሹፌሩ ሞተር አስነሥቷል» አለ ምናለ።

ድረስ የጆንያውን አፍ በግራ እጁ ጨምድዶ ይዞ ረጅሙን መርፌ ሳበ። ከላይ በርበሬ ነው። ከታችም በርበሬ ነው። መሐሉ ላይ ግን በላስቲክ የተጠቀለሉ አራት መቶ የክላሽ ጥይቶች ተኝተዋል።

ድረስ እውነተኛ ስሙ አልነበረም። ባንተአምላክ ይባላል፤ የላከው የክትትል ክፍል በምስጢር «ዋንዛ» ይለዋል። በቡሬ ከተማ ስምንት ወር ሙሉ የበርበሬ ነጋዴ ረዳት መስሎ የኖረው ለዚህ ቀን ነበር። ምናለ የተባለው ደላላ ጥይት በሰው ጭነት መሐል እየሸሸገ እንደሚያሳልፍ ደርሶበታል። ዛሬ አይሱዙው ላይ ከሚወጡት ሃያ ጆንያዎች አሥራ ዘጠኙ የመጋዘኑ ባለቤት የጋሼ ጠሃ ናቸው። አንዱ የምናለ ነው። ጅጋ ላይ ፖሊስ መኪናውን ያስቆማል፤ በግራ ጥጉ ሁለት ቋጠሮ ያለበትን፣ ስፌቱ ከሌሎቹ የተለየውን ጆንያ ያወርዳል። ምናለም ከነጥይቱ ይያዛል።

ድረስ ሁለቱን ቋጠሮዎች ቋጠረ። ከዚያም ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ዞረና በስልኩ መልእክት ላከ።

«ዋንዛ ለሾላ። ጭነቱ እየወጣ ነው።»

ሾላ የአለቃው የምስጢር ስም ነው። መልእክቱና መልሱ ዐሥር ደቂቃ ፈጁ።

ሲመለስ ባለበት ደርቆ ቀረ።

ጋሼ ጠሃ ከዚያ ጆንያ አጠገብ ተንበርክከው፣ መርፌያቸውን ከኮታቸው እየሰኩ ነበር። የእሱን ስፌት ፈትተው አዲስ ሰፍተውበታል።

«አንተ ድረስ! ያ ስፌት ነበር ወይስ ዶሮ የጫረችው ደጅ?» አሉት እየሣቁ።

«እሱ እኮ የምናለ ነው፣ ጋሼ።»

«የማንስ ቢሆን? ከእኔ በር የወጣ ጆንያ አፉን ከፍቶ ሲሄድ የማንኩሳ ሰው ቢያይ ምን ይላል? ጠሃ አረጀ፣ እጁ ከዳው ይላል እኮ!»

ለቡሬ በርበሬ ነጋዴ ስፌት ማለት ፊት ማለት ነው። የጠሃን ስፌት፣ ሦስት አጭር አንድ ረጅም፣ ከአባታቸው የወረሱትን፣ እስከ ጅጋ ድረስ የማያውቅ የለም። አሁን ሃያውም ጆንያ አንድ ፊት ሆነ።

ድረስ አፉን ከፈተ። ይፍቱት ሊላቸው ነበር።

ምናለ በሩ ላይ ቆሞ ያየዋል።

አፉን ዘጋው።

ጆንያው ተጫነ።

*

ከአምስት ቀን በኋላ ጅጋ ገበያ ላይ ሁለት ሰዎች ከአንድ ገመድ ሻጭ ፊት ቆመው ነበር። ድረስ ገመድ ይመርጣል። ሾላ የሌላውን ገመድ ጫፍ ይዞ ጥንካሬውን ይፈትናል። አይተያዩም።

«ያሰራችኋቸው ጠሃ ንጹሕ ናቸው» አለ ድረስ ሻጩ እንዳይሰማ በሹክሹክታ።

«ጥይቱ በእሱ ስፌት ውስጥ ነው የተገኘው። ምናለ የእኔ ጆንያ የለም ብሎ ካደ። ሰባት ነጋዴ ጠየቅን፤ ሰባቱም የጠሃ እጅ ነው ብለው ማሉ።»

«እውነታቸውን ነው። ግን የሰፉት እኔ ከሰፋሁት በኋላ ነው። እኔ ልመስክር።»

«ቀጋስ?»

ድረስ ገመዱን ለቀቀው። ቀጋ የሥራ ባልደረባው የአልጣሽ የምስጢር ስም ነው። ማንኩሳ ላይ ከምናለ አለቆች ቤት ወጥ ሠሪ ሆና ገብታለች። የአክስቴ ልጅ ናት ብሎ ያስገባትና ዋስ የሆናት እሱ ራሱ ነው።

«አንተ የመንግሥት ሰው መሆንህ ጧት ችሎት ላይ ቢነገር፣ እሷ ምሳ ሰዓት አትደርስም» አለ ሾላ። «ምናለ ጥይቱን የሚያከማችበትን ቤት አምጣልኝ። በማግሥቱ ጠሃ ቤቱ ይገባል። ቃሌ ነው።»

«ይህች ገመድ በሬ ትይዛለች?» ሲል ሾላ ጮክ ብሎ ሻጩን ጠየቀ።

«ኧረ ባለቤቱንም ትይዛለች፣ ጌታዬ!» አለ ሻጩ።

ድረስ ቤቱን በሦስት ሳምንት አገኘው። ምናለ ማንም ሳያይ በጸጥታ ተያዘ።

ማግሥቱ መጣ። ጠሃ ግን አልወጡም።

*

በፍኖተ ሰላም የፍርድ ቤቱ ግቢ በሰው ተሞልቷል። ባንተአምላክ ጢሙን ተላጭቶ፣ በእውነተኛ ስሙ መታወቂያ ገብቶ፣ ከአጥሩ ሥር ቆሟል። ሾላ ከጎኑ ነው።

በተከፈተው መስኮት የምናለ ድምፅ ይሰማል። የተከሰሰ ሰው ድምፅ አልነበረም።

«ከእኛ ጋር ሊሠራ ተስማምቶ ተለቋል፤ አሁን ዐቃቤ ሕግ የቆጠረው ምስክር ነው» አለ ሾላ። «ወደ አለቆቹ የሚወስደን እሱ ነው። እሱ ከታሰረ መንገድ ይለውጣሉ። ጠሃ ከተፈረደበት ግን ነገሩ አበቃ ብለው ይዘናጋሉ።»

«ቃልዎ ነበር።»

«ነበር።»

«ሰውዬው እኮ ምንም አላደረጉም። ለመከላከል መብት አላቸው፤ ንጽሕናቸውን የሚያሳየው ማስረጃ ሊቀርብላቸው ይገባል። እኛ ግን ማስረጃውን በኪሳችን ይዘን ቆመናል።»

«ያ ጥይት ስንት ቤት ያፈርስ እንደነበር አንተም ታውቃለህ። የጠሃ መብት አለ። የነዚያም አለ። የአልጣሽም አለ። ሁሉንም በአንድ ቀን የማስከብርበት መንገድ ካገኘህ ንገረኝ።»

ባንተአምላክ ያንን መንገድ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈልግ አድሮ ነበር።

የችሎቱ ፖሊስ ወደ በረንዳው ወጣ። የተከሳሹ ጠበቃ እሌኒ ያስቆጠረችውን ብቸኛ የመከላከያ ምስክር ስም ጮክ ብሎ ጠራ።

«ድረስ ሞላ!»



ከዛፍ ሥር ምሳ ቋጥራ የተቀመጠች አንዲት ሴት ቀና አለች። የጠሃ ሚስት ዙለይካ ናት። ዐይኗ ከባንተአምላክ ላይ ዐረፈ። ተነሣች።

«ድረስ! አላህ ይስጥህ፣ መጣህልን! ጢምህን ተላጭተህ ልታሳስተኝ ነበር እኮ! ና ግባ፣ እየጠሩህ ነው።»

እጁን ያዘችው።

«ሰው ተሳስተው ነው፣ እናቴ» አለ ሾላ በትሕትና።

«ምን እሳሳታለሁ? ስምንት ወር ከቤቴ ምሳ የበላ ሰው ይጠፋኛል?»

ፖሊሱ ቀረበ። መታወቂያ ጠየቀ። ባንተአምላክ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ፖሊሱ ፎቶውን አየ፤ ፊቱን አየ፤ ስሙንና ክፍሉ ያስጻፈለትን የሽፋን ሥራ ጮክ ብሎ አነበበ። ባንተአምላክ። መምህር። ባሕር ዳር።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መምህር።» ወደ ዙለይካ ዞረ። «ወረቀቱ ሌላ ነው የሚለው፣ እማማ።»

ዙለይካ እጁን አልለቀቀችም። ዝቅ ባለ ድምፅ «ልጄ፣ እኔ ነኝ በላቸው» አለችው።

ማንኩሳ ወጥ ቤት ውስጥ ያለችው አልጣሽ በዐይነ ኅሊናው መጣች።

«አላውቅዎትም» አለ።

እጁን ለቀቀችው።

«ድረስ ሞላ! ለሁለተኛ!»

ከችሎቱ ውስጥ፣ በመስኮቱ በኩል፣ የጠሃ ድምፅ ተሰማ።

«ጌቶቼ፣ ዛሬ የገበያ ቀን ነው፤ መኪና አጥቶ ይሆናል እንጂ አይቀርም። እባካችሁ ጥቂት ታገሡት። ይመጣል።»

ታገሡት። ሩብ ሰዓት ያህል።

«ድረስ ሞላ! ለሦስተኛ!»

*

ፍርዱ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ጉዳዩ አበቃ ብለው የተዘናጉት የምናለ አለቆችም በወሩ ተያዙ። ባንተአምላክ አልጣሽ በሰላም መውጣቷን የሰማው ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ፣ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ ነው። ሾላ የላከው መልእክት አጭር ነበር።

«ቀጋ ወጥታለች። አምስቱም አለቆች ታስረዋል። ሥራው አልቋል።»

«አሁን ስለ ጠሃ ልናገር ወይ?» ብሎ ጻፈ።

መልሱ ዘገየ። አውቶቡሱ ተነሣ። ከተማው አለቀ፤ የበርበሬው ማሳ በግራና በቀኝ ቀላ። ከዚያ ስልኩ ነዘረ።

«ምን ብለህ? በክፍሉ መዝገብ ድረስ የሚባል ሰው አልነበረም።»

ደግሞ ደጋግሞ ጻፈ። ቁጥሩ ከዚያ በኋላ መልእክት አልተቀበለም።

ከጎኑ የተቀመጡ አዛውንት ከቋጠሮአቸው ዳቦ ቆርሰው ዘረጉለት። ተቀበለ፤ አመሰገነ።

«መንገዱ ረጅም ነው፤ እየተጨዋወትን እንሄዳለን» አሉት። «ስምህን ማን ልበል፣ ልጄ?»

ባንተአምላክ ዳቦውን እንደያዘ ወደ መስኮቱ ዞረ። አዛውንቱ ያልሰማቸው መስሏቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙለት።

«ስምህን ማን ልበል?»