የጠመኔው መስመር

ጁነይድን ያገኘሁት ኤስባን በሚሉት የከተማ ባቡር ውስጥ ነው፤ ያስተዋወቀን ደግሞ የሞተ እንጨት። ከግሪስሃይም ተሳፍሮ አጠገቤ ተቀመጠና በሸክላ የተተከለች ትንሽ ጥድ ጭኑ ላይ አቀፈ። ልወርድ ስነሳ ከጥዷ የወጣ ነጭ ደረቅ ቅርንጫፍ ሻሼን ያዘው።

«ኧረ ቀስ! እንዳይሰበር!» አለ ደንግጦ፣ በአማርኛ።

«አንገቴ ነው ወይስ እንጨትህ?»

አፈረ። ሻሼን ከቅርንጫፉ ቀስ ብሎ አላቀቀልኝ። ባቡሩ መውረጃዬን አልፎ ሄደ፤ እኔም ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«ለመሆኑ ይሄን ደረቅ ለምን አትቆርጠውም?»

«ውበቷ እኮ እሱ ነው። ቦንሳይ ትባላለች። መብረቅ መቷት፣ በረዶ ሰብሯት፣ እምቢ ብላ የቆመች እንድትመስል ነው የምንደክመው። የሞተውን አንጥለውም፤ እንቀርጸዋለን።»

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ግሪስሃይም ከመጋዘኖቹ መሃል ካለው የሥራ ቦታው አልጠፋም ነበር። ደረቁን ግንድ ሲቦረቡር፣ እንደ ጅማት ጠምዝዞ ሲፈለቅቅ፣ ነጭ የሚያደርገውን ፈሳሽ ሲቀባው አጠገቡ እቀመጣለሁ። ፈሳሹ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ፍቅር በዚያ ሽታ ይጀመራል ቢሉኝ እስቅ ነበር። ግን ቀና ብሎ ሲያየኝ ሽታውንም፣ የሳምንቱን ድካሜንም እረሳለሁ። የሚያስፈልገውን ብሩሽ ሳይጠይቀኝ አቀብለዋለሁ፤ ሲቀበለኝ ጣቶቹ ከጣቶቼ ቶሎ አይለቁም።

ጁነይድ የጥገኝነት ማመልከቻው ውድቅ ሆኖበታል። ከመባረር የሚያድነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አሠሪው ሄር ኬስለር አውስቢልዱንግ የሚሉትን የሦስት ዓመት የሙያ ሥልጠና ውል ቢፈርምለት። ሽማግሌው የሟች ሚስቱን ትልቋን ጥድ አምጥቶ ፊቱ አስቀመጠለት። ሴትዮዋ አርባ ዓመት አሳድጋታለች።

«ይህችን ለመስከረሙ ኤግዚቢሽን ጨርስልኝ። በማግስቱ ሰኞ እፈርማለሁ» አለው።

ጁነይድ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቢላዋ ሳያነሳ ግንዱን ሲያጠና ከረመ። ቅርፊቱ ሁሉም ሕያው ይመስላል፤ ውሃን ከሥሯ እስከ ጫፏ የሚያደርሰው መንገድ ግን አንድ ነው፣ ስፋቱም ሁለት ጣት። ያንን መንገድ ከታች እስከ ላይ በቀይ ጠመኔ አሰመረበት።

«ከመስመሩ ውጭ ያለውን ልጬ አነጣዋለሁ» አለኝ። «ውስጡ ያለው ነፍሷ ነው።»

እኔ ፕሮይንገስሃይም በሚገኝ የአረጋውያን ቤት የሰው ገላ አጥባለሁ። ስድስት ዓመት አጥቤያለሁ፤ እጄ የቆሸሸ ነገር አይቶ አያልፍም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጁነይድ እቃ ሊያወርድ ሲወጣ ግንዱ ላይ አቧራ አየሁ። ለስላሳ ብሩሽ አርጥቤ፣ በሽተኛ እንደማጥብ ቀስ ብዬ አጠብኳት። ውሃው እጄ ላይ ሲቀላ ነው የነቃሁት።

ጠመኔውን አንስቼ እንደታየኝ መልሼ አሰመርኩ።

ሲመለስ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። «ዛሬ ደግሞ እንዴት አምሮብሻል!» ብሎ ሳቀልኝ። አፌን ዘጋሁት። ቢላዋውን አንስቶ የኔን መስመር ተከትሎ መላጥ ጀመረ፣ የራሱ መስሎት።

ሳምንቱን ሙሉ ዛሬ ነገ እያልኩ አሳለፍኩ። ኤግዚቢሽኑ እሁድ ሊሆን አርብ ቀን ነገርኩት። ተንበርክኮ ያስቀረውን ቅርፊት ከላይ ወደ ታች በጣቱ ተከተለው። ከአፈሩ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቅርፊቱ ደረቅ እንጨት ላይ ሄዶ ቆመ። ጣቱም እዚያው ቆመ።

«ሞታለች» አለ።

«አረንጓዴ ናት እኮ!»

«ጥድ እንዲህ ናት። ከሞተች በኋላም ለሳምንታት ለምለም ናት።»

ያኔ ያልኩትን ዛሬም አልክደውም። «እንግዲያው ማን ያውቃል? እሁድ ያዩልሃል፣ ሰኞ ይፈርምልሃል። በኋላ ብትደርቅ ዛፍ አይደለችም እንዴ? ትድረቅ!»

«በየጠዋቱ ሽማግሌው ነው የሚያጠጣት፣ ጀዋሂር። በሚስቱ ስም ነው የሚጠራት።»

«እኔስ? ስትባረር እኔስ ምን ልሁን?»

ዓይኑ እንባ ሞላ። የዚያኑ ቀን ሄዶ መሞቷን ለሽማግሌው ነገረው። ውሉ አልተፈረመም።

ጠላሁት። ከኔ አንድ ሽማግሌና አንድ የሞተ ግንድ በለጡበት ብዬ ስምንት ቀን ስልኩን አላነሳሁም። በዘጠነኛው ቀን ንዴቴ በርዶ ጥፋቴ ብቻ ሲቀር፣ ሄር ኬስለር ዘንድ ሄጄ ጠመኔውንም፣ ብሩሹንም፣ ዝምታዬንም ነገርኩት።

ሽማግሌው ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

«እሱ እኮ እጄ ሳተ ነው ያለኝ» አለ። «ያንቺን ስም አልጠራም። እኔም እንዲህ የሚሳሳትን እጅ እንዴት አምናለሁ ብዬ…» ሳይጨርሰው ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ሰኞ ዕለት ብትመጪ ኖሮ እፈርም ነበር።»

የዚያኑ ቀን ፈረመ። የውጭ ዜጎች መሥሪያ ቤቱ ግን ወደ አገሩ መመለሻው ተዘጋጅቷል፣ ጥያቄው ዘግይቷል ብሎ መለሰን። ስምንቱን ቀን የበላሁት እኔ ነኝ።

ጁነይድ ክፍል ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። ከፍቶ ሲያየኝ አልተቆጣም፤ ብሶብኝ አለቀስኩ።

«ስድበኝ እንጂ! ዛፏን እኔ ገደልኩ። ውልህን እኔ አስቀረሁብህ።»

«እወድሻለሁ» አለ። «ልሰድብሽ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም።»

«ስሜን ለምን ደበቅህ ታዲያ?»

«በስምሽ ስትረገሚ መስማት አልፈልግም።»

«አግባኝ» አልኩት።

«ኒካሑ እዚህ አገር ወረቀት አይሆንም። ጋብቻ መዝጋቢው ሽታንድስአምት ከአገር ቤት ሰነድ ይፈልጋል፤ ወራት ይፈጃል። እኔ ደግሞ ወራት የለኝም።»

«ወረቀት አልጠየቅኩህም።»

አርብ ከጁምዓ በኋላ በሁለት ምስክር ፊት ኒካሕ አሰርን። ኢማሙ ለሙሽራዋ የሚሰጠውን መህር ሲጠይቁ ጁነይድ በጨርቅ የጠቀለለውን የመቅረጫ ቢላዋውን አውጥቶ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠ። ሌላ ንብረት አልነበረውም። ኢማሙ ወደ እኔ ዞሩ፤ «ተቀብያለሁ» አልኩ።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ባልና ሚስት ሆነን ኖርን። ጠዋት ከሥራ ስመለስ ሻይ አፍልቶ ይጠብቀኛል። በሃያኛው ቀን የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ቀጠሮ፣ በእነሱ አፍ ቴርሚን፣ አለህ ብለው ጠርተው እዚያው ያዙት።

አውሮፕላን ላይ በሚያሳፍሩት ቀን አየር ማረፊያው የፖሊስ በር ላይ ደረስኩ። ጁነይድ ከመስታወቱ ወዲያ በሁለት ሰዎች መሃል ቆሟል።

«ምኑ ነሽ?» አለኝ ፖሊሱ በጀርመንኛ።

«ሚስቱ ነኝ።»

ዝርዝሩን አገላብጦ አየ። «እዚህ ያላገባ ነው የሚለው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አንገቴን ደፍቼ እመለስ ነበር። በሰባራ ጀርመንኛዬ ሁሉንም ነገርኩት፤ እንዴት እንዳጠብኳት፣ መስመሩን እንዴት እንዳሳሳትኩ፣ እንዴት ስምንት ቀን እንዳኮረፍኩ። ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ፣ እሱ እውነቱን ነው የተናገረው አልኩት። ጁነይድ ከመስታወቱ ወዲያ ተይው በሚል ራሱን ነቀነቀ፤ ፈገግ ብሎም ነበር። አልተውኩም። ፖሊሱ አላቋረጠኝም፤ ጨርሼ እስክተነፍስ ጠበቀኝና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።